የዝንብ ማጥመጃ ዘንግ ስንመርጥ

ድሬዳዋ ተቀምጦ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መምረጥ ፈገግ ያሰኛል፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካልመጣበት በስተቀር አሸዋ ነው፣ የሐረማያ ሐይቅም ለዓመታት ደርቆ ያየነው ነው። ይሁንና ወደ አዋሽ ወይም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የተባለ ዓሣ ወደሚገኝባቸው የባሌ ወንዞች ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ዘንጉን የሚገዛው ከውሃ ርቆ በመሆኑ፣ ስሕተቱን የሚያውቀው ያን ሁሉ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው። እኔም «ለሁሉም ዓሣ ይሆናል» ተብሎ የተሸጠልኝን ዘንግ ተሸክሜ አዋሽ ከደረስኩ በኋላ ነበር የዝንብ ዘንግ፣ ማለትም ዝንብ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ዓሣ የሚጠመድበት ዘንግ፣ አለመሆኑን የተረዳሁት።

ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ ሊታይ የሚችል ነው። በዝንብ ዘንግ ላይ የክር መጠቅለያው የሚታሰረው ከመያዣው በታች፣ በዘንጉ የታችኛው ጫፍ አካባቢ ሲሆን፣ በተለመደው ዘንግ ላይ ግን ከመጠቅለያው በታች ሌላ ረዘም ያለ መያዣ ይቀራል። ክሩ የሚያልፍባቸው የዝንብ ዘንግ ቀለበቶችም ከመጀመሪያው በስተቀር በአብዛኛው ከቀጭን ሽቦ የተጠማዘዙ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት ከመያዣው ከፍ ብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ በእኔ እምነት ከዋጋውም ከውበቱም የሚቀድመው ይህ ነው። በተለመደው አጠማመድ ክሩ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ክብደት ክሩን እየጎተተ ይሄዳል፤ ከላባና ከፈትል የሚሠራው ዝንብ ግን ክብደት የለውም ማለት ስለሚቻል፣ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው፣ ዝንቡ ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ ክሮች በክብደታቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የ5 ቁጥር ክር የፊተኛው 9 ሜትር ገደማ 9 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የ8 ቁጥር ክር ያው ርዝመት ከ13 ግራም በላይ ይመዝናል። በዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከክሩ ቁጥር ጋር ካልገጠመ፣ ክሩ ቀሎት ዘንጉ ሳይጎብጥ ይቀራል፣ ወይም ከብዶት ይዝላል። ለትራውት 5 ቁጥር በቂ ነው፤ ነፋስ ባለበት አዋሽ ላይ አምባዛን ጨምሮ ከበድ ያለ ዓሣ ለሚፈልግ ግን 7 ወይም 8 እመርጣለሁ።

ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74 ገደማ የሆነው የተለመደው ዘንግ ለጀማሪ ያለ ብዙ ሐሳብ የሚገዛ ነው። አጠር ያለው ቁጥቋጦ ለበዛበት ጠባብ ጅረት ይመቻል፤ አዋሽ ላይ ግን አዞ ስላለ፣ ከውሃው ዳር ራቅ ብሎ ለመቆም የዘንጉ ርዝመት የሚጠቅም ነው።

የዘንጉን አጎባበጥ ለማወቅ ሰዎች ሱቅ ውስጥ በአየር ላይ ያወዛውዙታል፤ ይህ ብዙም አይነግርም። ቀጭን ፈትል በቀለበቶቹ ውስጥ አሳልፎ ጓደኛ ቀስ ብሎ እንዲስበው ማድረግ ይሻላል። ጫፉ ብቻ የሚጎብጠው ደረቅ ነው፤ ሩቅ ይወረውራል፣ ነገር ግን የእጅ ጊዜ አጠባበቅን ስሕተት ይቅር አይልም። እስከ መያዣው ድረስ የሚጎብጠው ለስላሳ ሲሆን፣ ለአዲስ ሰው መካከለኛው ይስማማል። ካርቦን ቀላል በመሆኑ ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ፋይበር ግላስ ከብዶ ለስለስ ይላል፣ የቀርከሃው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ግን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር መወርወርም ሆነ መብረቅ ሲጀምር ይዞ መቆየት አይገባም።

ከአራት ክፍል የሚገጣጠመው ዘንግ በአውቶቡስ ለሚጓዝ ምቹ ነው። ያገለገለ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን በብርሃን ላይ እያዞሩ ስንጥቅ መፈለግ፣ ጥጥንም በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ መጎተት ያስፈልጋል፤ ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ሻካራ ሆኗል ማለት ነው፣ ክሩንም ይበላዋል። ከተገጣጠመ በኋላ በአንድ ዓይን ከታች ወደ ላይ ሲታይ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው።

ከጉዞው በፊት በመንጠቆው ቦታ ጥቂት የሱፍ ክር አስሮ ሣር ላይ መለማመድ ይቻላል፤ የደቻቱ አሸዋ ላይ ግን አይሞከር፣ የክሩን ሽፋን ይፍቀዋል። በየሩብ ሰዓቱም መጋጠሚያዎቹን በእጅ መፈተሽ ይገባል፤ በውርወራ ብዛት ይላላሉና፣ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ቀድሞ የሚሰበረው ነው።