ሎፍት ውስጥ ያለችው ታንከር ስትፈስ

እንግሊዝ አገር ቆየት ያለ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከውጭ ግድግዳው ብቅ ካለችው ቀጭን ቱቦ ውሃ የሚንጠባጠበው ሎፍት (ጣሪያ ስር ያለው ባዶ ቦታ) ውስጥ ያለ የውሃ ታንከር ከልኩ በላይ ሲሞላ ነው። ኮምቢ ቦይለር (ውሃውን ሳያከማች በቀጥታ የሚያሞቅ) ያላችሁ ታንከር የላችሁምና ቡናችሁን ጠጡ።

መጀመሪያ የትኛው እንደሚፈስ ለዩ። ብዙ ጊዜ ሎፍት ላይ ሁለት ታንከር አለ። ትልቁ ለሙቅ ውሃው ሲሊንደር ቀዝቃዛ ውሃ ያቀብላል። ትንሿ የራዲያተሮቹ ናት። የሂቲንጉ (የቤት ማሞቂያው) ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ትርፉ ወደ እሷ ይወጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይወርዳል። ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለ ትንሿ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ከትልቁ ታንከር እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃው የሚፈላ ያህል ከሞቀ፣ የሲሊንደሩ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያውንም ቦይለሩንም አጥፉ። ሎፍት አትውጡ፤ ከታንከሩ በታች ባለው ክፍልም ማንም አይተኛ። ፕላስቲክ ታንከር በፈላ ውሃ ለስልሶ ሊደረመስ ይችላል። ባለሙያ ጥሩ።

ወደ ትንሿ እንመለስ። እኔ ቤት ስትፈስ የመጣው የቧንቧ ሰራተኛ ቀና ብሎ አይቶ «ኳሱ ነው» አለ፤ ውሃው ላይ ተንሳፎ ታንከሯ ስትሞላ የውሃ መግቢያውን የሚዘጋውን ማለቱ ነው። ቀየረው፣ ከፈልኩት። በሳምንቱ ጠብ ጠብ። መጣ፣ ደግሞ ቀየረ፣ ደግሞ ከፈልኩ። አንድም ቀን «መቼ ነው የሚፈሰው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

ሂቲንጉ ሲሞቅ ብቻ ከፈሰሰ፣ ታንከሯ ገና ስትበርድ ጀምሮ ሞልታ ነበር ማለት ነው። 100 ሊትር ውሃ ከ10 ዲግሪ ወደ 80 ሲሞቅ ወደ 3 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ለዚያ ቦታ መተው አለበት። ሲስተሙ በርዶ ሳለ ታንከሯ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ኳሱን የያዘው ዘንግ የናስ ከሆነ በቀስታ ወደ ታች አጉብጡት። ፕላስቲክ ከሆነ በብሎኑ ዝቅ አድርጉት። አለቀ።

ቀን ከሌት ከፈሰሰ፣ ኳሱን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱት። ውሃው ቀጥ ካለ ኳሱን ነቅላችሁ አራግፉት፤ ውስጡ ውሃ ከተንቦጫቦጨ ተቀዶ ሰጥሟል፣ ለውጡት። ኳሱ ተነስቶም ውሃው ከቀጠለ ግን መግቢያውን የሚደፍነው ጎሚኒ (ጎማ) አልቋል። የትንሿ መዝጊያ ወራት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥ ይደርቃል፤ እንደ ለንደን ኖራ የበዛበት ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይያዛል። ሙሉውን መለወጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ፓምፑ ሲነሳ ከላይ የተቆለመመችው ቧንቧ ታንከሯ ውስጥ ውሃ የምትተፋ ከሆነ፣ ወይ የፓምፑ ፍጥነት በዝቷል፣ ወይ ከታንከሯ የሚወርደው ቧንቧ ሂቲንጉን የሚገናኝበት ቦታ በጥቁር ጭቃ ተደፍኗል። ጭቃው የብረት ዝገት ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል። ቧንቧው መዳብ ነው፤ ማግኔት በራሱ አይይዝም። ማግኔቷ ከላዩ ከተጣበቀች ዝገቱ ከውስጥ ተከማችቷል። ፓምፑን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ያቺ ቁራጭ ቧንቧ ተቆርጣ ትለወጥ፣ ሲስተሙም ይታጠብ። ዝም ካላችሁት አየር እየገባ ራዲያተሮቹን ከውስጥ ይበላቸዋል።

የኔው ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ሁለት አዲስ ኳስ ገብቶም ውሃው ከየት ይመጣል? አንድ ማታ ሂቲንጉን አጥፍቼ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ምንም ውሃ እንዳይገባ የኳሱን ዘንግ ከላይ ካጋደምኩት እንጨት ጋር በገመድ አሰርኩት። በኩባያ እየጨለፍኩ ውሃውን ቀነስኩና የቀረው የደረሰበት ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩ። ጠዋት ስወጣ ውሃው ከፕላስተሩ አራት ጣት ከፍ ብሏል። በኳሱ በኩል ጠብታ አልገባም!

ሌባው ሲሊንደሩ ውስጥ ነበር። የቦይለሩ ውሃ እዚያ የሚዞረው በተጠማዘዘ የመዳብ ቧንቧ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው የትልቁ ታንከር ውሃ ነው። መዳቡ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። የትልቁ ውሃ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ወደ ራዲያተሮቹ ይገባና ትንሿን ያጥለቀልቃታል። ትንሿ ከፍ ካለች ደግሞ የሂቲንጉ ቆሻሻ ውሃ በሙቅ ውሃ ቧንቧችሁ ይመጣል፤ ቡናማ ሆኖ ካያችሁት በዚያ አትታጠቡ።

ይህ አይጠገንም፤ ሲሊንደሩ ይለወጣል። ስራው የባለሙያ ነው። ቦይለሩ ጋር ደርሶ ጋዝ የሚነካ ከሆነ ደግሞ በህጉ መሰረት ጋዝ ሴፍ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚሰራው፤ መታወቂያውን ጠይቁት። እና አዲሱ ሲገባ አንድ ነገር አስታውሱት፦ ራዲያተሮቹ ውስጥ የነበረው የዝገት መከላከያ ፈሳሽ በዚያች ቱቦ ተንጠባጥቦ አልቋል፤ አዲስ ይጨምርበት። የኔው ሰውዬ ረስቶት እቃውን ሰብስቦ በር ላይ ደርሶ ነበር።