የማዕረግ ቀንዎ ተሳስቷል? ለቦርዱ ከማመልከትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል የሆኑ ወገኖች አሉን። ነርሶች አሉ፣ ሐኪሞች አሉ፣ የሎጂስቲክስ ሰዎች አሉ። ከእነሱ መካከል ማዕረጉ ደርሷቸው ቀኑ ግን የሚያንገበግባቸው አይጠፉም። የዕድገት ትእዛዙ ላይ የሰፈረው የማዕረግ ቀን ከሚገባቸው ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ዘግይቶ ያገኙታል። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀኑ ደመወዝን ይነካል። ለቀጣዩ ማዕረግ የሚታዩበትን ጊዜ ይወስናል። ከሻለቃ በላይ ባለ ማዕረግ ጡረታ ለመውጣት ደግሞ በመርህ ደረጃ በዚያ ማዕረግ 3 ዓመት ማገልገል ስለሚጠየቅ፣ ጥቂት ወራት ትልቅ ልዩነት ያመጣሉ።

ለዚህ መፍትሔ የሚሰጥ መንገድ አለ። እስከ 1946 (እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ድረስ የመዝገብ ስህተት የደረሰበት ወታደር የምክር ቤት አባሉን ለምኖ በስሙ የተለየ ሕግ ማስወጣት ነበረበት። በዚያ ዓመት ኮንግረሱ አሠራሩን ቀየረ። ዛሬ በአሜሪካ ሕግ አርዕስት 10፣ አንቀጽ 1552 መሠረት በሲቪሎች የተዋቀሩ የመዝገብ ማረሚያ ቦርዶች አሉ። ምድር ጦር የራሱ አለው። የባህር ኃይሉ ቦርድ ማሪኖችንም፣ የአየር ኃይሉ ስፔስ ፎርስንም ያያል። ኮስት ጋርድም የራሱ ቦርድ አለው። ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 149 ይባላል። ክፍያ የለውም። ጠበቃም ግዴታ አይደለም።

ቦርዱ «ስህተት» ወይም «ኢፍትሐዊነት» ካገኘ መዝገቡን ማረም ይችላል። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚወድቀው ግን መኮንኑ መብት ስለሌለው ሳይሆን አቤቱታው በተሳሳተ መንገድ ስለሚቀርብ ነው። በየጊዜው የሚደጋገሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ሁለቱን ቀኖች እንደ አንድ መቁጠር

ትእዛዙ ላይ ሁለት ቀኖች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ የማዕረግ ቀን ነው። ከእኩዮችዎ ማን እንደሚቀድም፣ ለቀጣዩ ማዕረግ መቼ እንደሚታዩ የሚለካው በእሱ ነው። ሌላው ዕድገቱ የሚጸናበት ቀን ነው። የአዲሱ ማዕረግ ደመወዝ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀኖቹ አንድ ናቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይደሉም። «የማዕረግ ቀኔ ይስተካከል» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው የጠየቀውን አግኝቶ ውዝፍ ደመወዙ ሊቀርበት ይችላል። ሁለቱንም ከፈለጉ ሁለቱንም በስማቸው ይጥቀሱ። ከየትኛው ቀን ወደ የትኛው ቀን እንደሚፈልጉም በግልጽ ያስፍሩ።

በቀጥታ ቦርዱ ጋር መሄድ

ቦርዱ የመጨረሻው በር ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን በሮች ሳያንኳኩ ከመጡ ማመልከቻዎ ሳይታይ ይመለሳል። የምድር ጦር መኮንን መጀመሪያ ኬንታኪ ፎርት ኖክስ የሚገኘውን የሰው ሀብት እዝ መጠየቅ አለበት። የባህር ኃይል መኮንን ቴነሲ ሚሊንግተን ያለውን የሠራተኛ እዝ ይጠይቃል። የናሽናል ጋርድ (የየግዛቱ ተጠባባቂ ጦር) መኮንን ደግሞ በግዛቱ በኩል አድርጎ ወደ ናሽናል ጋርድ ቢሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ስህተት እዚያው በአንድ ማሻሻያ ትእዛዝ ያልቃል፤ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ካልሆነም እምቢታውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ያ ደብዳቤ ለቦርዱ የሚያያይዙት የመጀመሪያ ማስረጃ ነው። በስልክ የተነገረ «አይቻልም» ምንም አይጠቅምዎትም።

«ዘገየብኝ» ብሎ ማቆም

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸነፍበት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

መኮንኑ እንዲህ ይጽፋል፦ «ፋይሌ በመጋቢት ተሟልቶ ነበር። ትእዛዙ የወጣው በታኅሣሥ ነው። ዘጠኝ ወር ተጎድቻለሁ።» ስሜቱ እውነት ነው፣ ጉዳቱም እውነት ነው። ለቦርዱ ግን መዘግየት ብቻውን ስህተት አይደለም። ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው መሥሪያ ቤቱ ኃላፊነቱን በአግባቡ ተወጥቷል ብሎ በመገመት ነው። ያንን ግምት በማስረጃ ማፍረስ የእርስዎ ድርሻ ነው። የሚፈለገው ማስረጃ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ እንደ ወንጀል ጉዳይ ከጥርጣሬ ሁሉ የጸዳ መሆን የለበትም።

የናሽናል ጋርድን ሁኔታ እንውሰድ። አንድ የጋርድ መኮንን በግዛቱ ዕድገት ያገኛል። የግዛቱ ትእዛዝ ግን ብቻውን አይበቃም። ፌዴራላዊ እውቅና ያስፈልገዋል። ስሙ ስክሮል በሚባለው የሹመት ዝርዝር ገብቶ እስከ መከላከያ ሚኒስትሩ ድረስ መሄድ አለበት። በመርህ ደረጃ የፌዴራል ማዕረጉ የሚቆጠረው እውቅናው ከተሰጠበት ቀን ነው። በዚህ መካከል ያሉት ወራት ናቸው የሚያስለቅሱት። በ2011 ደግሞ የዋራንት ኦፊሰሮች (በልዩ ሙያ የሚያገለግሉ መኮንኖች) ሹመትና ዕድገትም በፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በኩል እንዲያልፍ በሕግ ተደነገገ። የብዙዎች ዕድገት ተጓተተ፣ ብዙዎችም ለቦርዱ አመለከቱ። የምድር ጦሩ ቦርድ በበርካታ ውሳኔዎች የሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነበር፦ መዘግየቱ የመጣው ሁሉንም ከሚመለከተው አዲስ አሠራር ነው፤ በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ ስህተት አይደለም።

እንግዲህ የሚያሸንፈው የትኛው ነው? የተበጠሰውን ቦታ ለይቶ የሚያሳይ አቤቱታ ነው። ፋይሉ መቼ ተላከ? ማን ተቀበለ? የት ቆመ? ለምን ቆመ? አንድ ጸሐፊ ፋይሉን በስህተት ለሌላ ክፍል ልኮት ከሆነ፣ ስምዎ ከዝርዝሩ ተዘልሎ እኩዮችዎ በዚያው ዝርዝር አልፈው ከሆነ፣ በስህተት የተጣለብዎ እገዳ በጊዜው ሳይነሳ ቀርቶ ከሆነ፣ እሱ የእርስዎ ብቻ የሆነ ስህተት ነው። አብረዎት የታጩ መኮንኖች መቼ እንዳለፉ የሚያሳይ ወረቀት በተለይ ጉልበት አለው። ኮንግረሱም የጋርድ መኮንኖችን ችግር አይቶ፣ ከመጠን ያለፈ መዘግየት ሲኖር የእውቅናው ቀን ወደ ኋላ የሚስተካከልበትን መንገድ በሕጉ ጨምሯል። ሲያመለክቱ የሚመለከተዎትን አንቀጽ አሁን በሚሠራበት መልክ አንብበው ይጥቀሱት፤ ይህ ክፍል ከአንድ ጊዜ በላይ ተሻሽሏልና።

እዚህ ላይ ራስዎን መመርመርም ግድ ነው። በጠየቁት ቀን መስፈርቱን ሁሉ አሟልተው ነበር? ለማዕረጉ የሚመጥን የሥራ ቦታ ይዘው ነበር? የጤና ምርመራው፣ የአካል ብቃቱ፣ የደኅንነት ፈቃዱ ጊዜው አላለፈም ነበር? አንዱ ጎድሎ ከነበረ ቦርዱ ያንን ያገኘዋል። መስፈርቱ የተሟላበትን ቀን መጠየቅ ከዚያ የቀደመውን ጠይቆ ሁሉንም ከማጣት ይሻላል።

ቦርዱ እንዲሾም መጠየቅ

ቦርዱ መዝገብ ያርማል እንጂ አይሾምም። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መኮንን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። በመደበኛው ሠራዊት ከሻለቃ ጀምሮ ያለው ዕድገት የሴኔት ይሁንታ ይፈልጋል። በሪዘርቭ (በተጠባባቂው ጦር) በኩል ደግሞ የሴኔቱ ይሁንታ የሚጠየቀው ከኮሎኔል ጀምሮ ነው። በ2004 የፌዴራል ሰርኪት ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድ የባህር ኃይል ከፍተኛ መኮንን ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሰውየው ለአድሚራልነት ተመርጦ ነበርና ጊዜው ስላለፈ በራሱ እንደ አደገ ይቆጠርልኝ ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ሹመቱ ሳይፈጸም ዕድገት የለም አለው።

በ2023 የአላባማው ሴናተር ቶሚ ተበርቪል ከ400 በላይ የጄኔራሎችና የአድሚራሎች ዕድገት ለወራት ይዘው እንደ ነበር ይታወሳል። ያንን ዓይነት መቆም የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ሊፈታው አይችልም። እንዲህም ሆኖ ሕጉ በር አልዘጋም። በዚያው አርዕስት 10፣ አንቀጽ 741 መሠረት፣ ያልተለመደ ሁኔታ ያልታሰበ መዘግየት ካመጣ የሚመለከተው የጦር ክፍል ሚኒስትር የማዕረግ ቀንን ማስተካከል ይችላል። አቤቱታዎን በዚህ አንቀጽ ላይ ካቆሙት ቦርዱ የሚይዘው ነገር አለው። «በዚህ ቀን ሻለቃ ይበሉኝ» ካሉት ግን የሌለውን ሥልጣን እየጠየቁት ነው።

መራጭ ቦርዱ ሳያይዎት ሲቀር የተሳሳተ ነገር መለመን

አንዳንዴ ችግሩ የወረቀት መዘግየት አይደለም። ለዕድገት የሚበቁትን የሚመርጠው መራጭ ቦርድ (ከመዝገብ ማረሚያ ቦርዱ የተለየ ነው) የተሳሳተ ፋይል አይቷል፣ ወይም ጭራሹን ስምዎ አልቀረበለትም። የዚህ መድኃኒት ልዩ የመራጭ ቦርድ ነው። ለመደበኛው ሠራዊት በአንቀጽ 628፣ ለሪዘርቭ በአንቀጽ 14502 ተደንግጓል። እዚያ ከተመረጡና ሹመቱ ከጸደቀ፣ በመጀመሪያው ቦርድ ቢመረጡ ኖሮ ያገኙት የነበረውን የማዕረግ ቀን ያገኛሉ። ደመወዙም አብሮ ይመጣል።

ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቅዎታል፦ ፋይልዎን ቀድመው አይተው ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ማግኘት ይችሉ አልነበረም? መኮንን መዝገቡን በንቃት እንዲከታተል ይጠበቃል። በምድር ጦር አይፐርምስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ፋይል ውስጥ የጎደለውን የግምገማ ሪፖርት ቀድመው እንደ ጠየቁ የሚያሳይ አንድ ኢሜይል ጉዳዩን ሊያድነው ይችላል።

የባለሙያ መኮንኖች ክሬዲት፦ ሥሩን ትቶ ቅጠሉን መያዝ

ይህ በተለይ በጤናው ዘርፍ ያሉ ልጆቻችንን ይመለከታል። ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ጠበቃ ወይም ቄስ ሆኖ የሚገባ መኮንን ለትምህርቱና ለልምዱ ዓመታት ይታሰቡለታል። ኮንስትራክቲቭ ክሬዲት ይሉታል። መነሻ ማዕረጉና የማዕረግ ቀኑ ከዚያ ይወጣሉ። ያ ስሌት አንድ ዓመት ከጎደለ እያንዳንዱ ቀጣይ ዕድገት በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይጎተታል። ብዙዎች የሚከራከሩት ስለ መጨረሻው ዕድገት ነው። ስህተቱ ግን የገቡበት ቀን ስሌት ላይ ነው። የስሌት ወረቀቱን ያስወጡ፣ መስመር በመስመር ከዲግሪዎና ከሥራ ማስረጃዎ ጋር ያነጻጽሩ። ክሬዲቱ የሚታሰበው ከሹመቱ በፊት ለነበረው እንጂ በኋላ ለተማሩት አይደለም።

ዲግሪው ከኢትዮጵያ ከሆነ ቀኑን በደንብ ይመልከቱ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሳይቀየር ከቀረበ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያፋልስ ማስረጃ ይሆናል። ስምም እንዲሁ ነው። በአንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተይዞ ከሆነ፣ ወይም የላቲኑ አጻጻፍ ከተለያየ፣ ሁሉም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያስረዳ አጭር መግለጫ ያያይዙ። ሰነድ መርማሪው የሀበሻን የስም ሥርዓት እንዲያውቅ አይጠበቅም።

ጊዜውን ማሳለፍ

ስህተቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለዎት። ቦርዱ ለፍትሕ ሲል የዘገየውን ሊቀበል ይችላል፤ ካለፈብዎ ምክንያቱን በፎርሙ ላይ ይጻፉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የፍርድ ቤቱ ሰዓት ነው። ለደመወዝ ጉዳይ የፌዴራል የይገባኛል ፍርድ ቤት የሚቀበለው በ6 ዓመት ውስጥ የመጣን ክስ ነው። ቦርዱ ጋር ማመልከት ያንን ሰዓት አያስቆመውም። ሕጉ ቦርዶቹ 90 በመቶውን ማመልከቻ በ10 ወር፣ የቀረውን በ18 ወር እንዲጨርሱ ያዛል። ዓመታት አሳልፎ ያመለከተ ሰው ሁለቱን ሰዓቶች አብሮ ቢያሰላ ይሻለዋል።

የአስተያየት ደብዳቤውን ሳይመልሱ መተው

ቦርዱ ብዙ ጊዜ ከሚመለከተው ክፍል የሙያ አስተያየት ይጠይቃል። ቅጂው ለእርስዎ ይላካል፤ መልስ የሚሰጡበት ቀነ ገደብም አለው። አስተያየቱ ከእርስዎ ጋር ካልተስማማና ዝም ካሉ፣ ቦርዱ ፊት የሚቀረው የእነሱ ድምፅ ብቻ ነው። በአካል ቀርቤ አስረዳለሁ ብለውም አይጠብቁ። ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በወረቀት ነው። አስተያየቱ የሳተውን ቀን፣ የዘለለውን ሰነድ ነጥለው በአንድና በሁለት ገጽ ይመልሱ። አድራሻዎ ከተቀየረም ወዲያው ያሳውቁ።

ሲከለከሉ ያንኑ ወረቀት ደግሞ መላክ

ቦርዱ እንደገና የሚያየው ከዚህ በፊት ያላየው አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ነው። አዲስ ማስረጃ ካለ ደግሞ ጊዜ አልፏል ተብሎ አይመለስም። የቦርዶቹ ውሳኔዎች ስም ተሰርዞ በኢንተርኔት ይወጣሉ። ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰሉ ተቀባይነት ያገኙ ጉዳዮችን ይፈልጉና ምን ማስረጃ እንደ ለያቸው ይዩ። እንዲያውም ይህንን ከመጀመሪያው ማመልከቻ በፊት ቢያደርጉት በጣም ይጠቅማል።

አሸንፎ እዚያው ማቆም

ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ሌላ ነገርም ይንቀሳቀሳል። በትክክለኛው ቀን ቢሆን ኖሮ ለቀጣዩ ማዕረግ ከዓመት በፊት ይታዩ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ያመለጠዎት መራጭ ቦርድ ካለ፣ በልዩ ቦርድ እንዲታዩ በዚያው ማመልከቻ አብረው ይጠይቁ። ውሳኔው ከወጣ በኋላ የታረመው ትእዛዝ ፋይልዎ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። ውዝፉን የሚያሰላው የመከላከያ የሒሳብ አገልግሎት ነው። ክፍያው ሲገባ ወር በወር ከደመወዝ ሠንጠረዡ ጋር ያስተያዩት፤ የቤት አበልም በማዕረግ ስለሚለያይ ልዩነቱ መታሰቡን ይዩ።