ባንኮክ ልታመሹ ስትሄዱ በረራና ሆቴል እንዴት ትይዛላችሁ

ባንኮክ ልዝናና ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ቲኬት ስንት ነው" የሚለውን ነው፣ እኔ ደሞ መልሼ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የት ነው የምትሆነው" እለዋለሁ። ቀልድ ይመስለዋል። ግን የባንኮክ ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል፣ ክለቡ ደሞ 8 ሰዓት ነው የሚዘጋው፣ ከታህሳስ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሞ ባንኮክ፣ ፑኬት፣ ፓታያ፣ ቺያንግ ማይና ኮ ሳሙይ ላይ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች እስከ 10 ሰዓት እንዲቆዩ ተፈቅዷል። ስለዚ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ያለችው ጊዜ ናት ብሩንም ጤናውንም የምትበላው፣ የጉዞ እቅድ የሚጀመረውም ከሷ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ግን የባንኮክን ሰዓት ነው።)

ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ይቺን ነገር ሰው ዝም ብሎ ያልፋታል እንጂ ጉዞውን ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት። እዛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን የናንተ ሰውነት የሚያውቀው ከምሽቱ 4 ሰዓትን ነው፣ ገና ሞቅ ሞቅ የሚልበት ሰዓት ማለት ነው፣ ስለዚ እስኪዘጋ መቆየት ምንም አይከብዳችሁም፣ የሚከብዳችሁ ጠዋቱ ነው። የሆቴል ቁርስ ብዙ ቦታ 4 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ይሄ ለናንተ ሆድ ንጋት 12 ሰዓት ነው። እና ቁርስ ያለበትን ዋጋ አትክፈሉ! እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ለስድስት ቀን ቁርስ ከፍዬ አንድ ቀን ነው የበላሁት፣ እሱንም ሳልተኛ አድሬ። ከዱባይና ከሪያድ የምትሄዱም፣ ከቴል አቪቭ የምትሄዱም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከአሜሪካ የምትሄዱ ግን ቀኑና ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ ይገለበጥባችኋል፣ አርብና ቅዳሜን ለማምሸት ካሰባችሁ ረቡዕ ግቡ፣ አርብ የገባ ሰው ሶፋ ላይ ተኝቶ ነው ፎቶ የሚነሳው።

በረራው ላይ ከአዲስ አበባ ከሆናችሁ ብዙ አትጨነቁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ባንኮክ ቀጥታ ይበራል፣ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ማታ የሚነሳ በረራ ከያዛችሁ ቀን ላይ ነው የምትደርሱት፣ የሆቴል መግቢያ ሰዓት ደሞ ባብዛኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ ልክ ይገጥምላችኋል፣ ገብታችሁ ታጥባችሁ ሶስት አራት ሰዓት ተኝታችሁ ትነሳላችሁ። በዶሃ ወይም በዱባይ ዞሮ የሚሄድ ርካሽ ቲኬት አንዳንዴ ይገኛል፣ ግን የምትደርሱበትን ሰዓት እዩ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ደርሳችሁ ክፍል እስኪለቀቅ ሎቢ ላይ ሻንጣ ታቅፎ መቀመጥ የመጀመሪያዋን ሌሊት ይገድላታል።

አሁን ደሞ እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚያጠፋን ነገር። ቲኬት ላይ "እሁድ 12:40 ኤኤም" ከተባለ ይሄ ለኛ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40። እኛ ቀኑን ከንጋት ነው የምንቆጥረው፣ ፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። አንዱ ጓደኛችን ወደ 6 ሰዓት ከ40 በደንብ ቀይሮታል፣ ቀኑን ግን አልቀየረም፣ እሁድ ማታ መስሎት ቅዳሜን ሲጨፍር አደረ፣ አውሮፕላኑ ያለሱ ሄደ። አዲስ ቲኬት ገዛ እንግዲህ ምን ይደረጋል። ከባንኮክ የሚነሱ የረጅም ርቀት በረራዎች ብዙዎቹ እኩለ ሌሊት አካባቢና ከዛ በኋላ ስለሆኑ ቲኬቱ እንደደረሳችሁ ስልካችሁ ላይ "ኤርፖርት የምሄደው በዚህ ምሽት ነው" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉት። ሆቴልም ላይ እንዲሁ ነው፣ ቲኬቱ አርብ 3:00 ኤኤም ትደርሳላችሁ ካለ (ለኛ ሐሙስ ማታ ለአርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት) ክፍሉን የምትይዙት ከሐሙስ ጀምሮ ነው፣ አርብ ብላችሁ ከያዛችሁ በር ላይ ትቆማላችሁ።

ወረቀቱን ሳትጨርሱ ቲኬት አትቁረጡ። በ2025 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ፓስፖርት ታይላንድ ስትደርሱ ኤርፖርት ላይ ቪዛ ይሰጥ ነበር፣ አሁንም ካለ 15 ቀን ነው፣ ክፍያው 2,000 ባህት በካሽ፣ በሰው 10,000 ባህት ወይም አቻው ገንዘብ አሳዩ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ በ15 ቀን ውስጥ የመመለሻ ቲኬትና የሆቴል ቡኪንግም ይፈልጋሉ። የገባችሁበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ስለሚቆጠር 14 ሌሊት ብላችሁ አስሉ። ሌላው ቢጫ ካርድ ነው፣ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ክትባት ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ናት፣ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ውሰዱ፣ ሱዋናፑም ኤርፖርት ስትደርሱ መጀመሪያ ጤና ቁጥጥር ጋ ሄዳችሁ ማህተም ታስመታላችሁ፣ ሰው ይሄን ሳያውቅ ኢሚግሬሽን ሰልፍ አንድ ሰዓት ቆሞ ተመለስ ይባላል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ኖሯችሁ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቃችሁ የምታልፉም ቢጫ ካርዷን ያዙ፣ የሚያዩት የመጣችሁበትን አገርም ነው። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደሞ ዲጂታል የመግቢያ ፎርም አለ፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሶስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ትሞላላችሁ፣ ነጻ ነው፣ ብር የሚጠይቃችሁ ገጽ ካለ ሌባ ነው። የቪዛ ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ አንድ ጊዜ እዩት።

ሆቴል ላይ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። "ሴንተር" የሚል ነገር አትፈልጉ፣ ባንኮክ አንድ መሃል የላትም። የት እንደምታመሹ ወስኑና እዛው በእግር የምትገቡበት ቦታ ያዙ። ዲጄ፣ ኮክቴል፣ አለባበስ ምናምን የምትወዱ ከሆነ ቶንግ ሎና ኤካማይ ነው፣ የከተማው ሀብታም ልጆች የሚያመሹበት ነው፣ ሆቴሉ ወደድ ይላል። መጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ግን እኔ አሶክ ነው የምላችሁ፣ የላዩ ባቡርና የምድር ውስጡ ባቡር የሚገናኙት እዛ ነው፣ ከዛ ወደ ቶንግ ሎም ወደ አርሲኤም (ትልልቆቹ ክለቦች የተደረደሩበት ጎዳና ነው) ታክሲ ሩቅ አይደለም፣ 3 ኮከብ ንጹህ ክፍል በ1,000 እና በ2,000 ባህት መሃል ይገኛል። ካዎ ሳን ጎዳና ለወጣትና ኪስ ለሳሳበት ነው፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ባቡር በቅርብ የለውም፣ ጎዳናው ላይ ክፍል ከያዛችሁ የሙዚቃው ድምጽ አልጋችሁ ድረስ ይመጣል። ሲሎም ደሞ የጣሪያ ባሮች አካባቢ ነው፣ 63ኛ ፎቅ ላይ ያለው የሌቡዋ ስካይ ባርም በዛው በኩል ነው፣ ነጠላ ጫማና ቁምጣ አያስገቡም፣ አንድ ደህና ሱሪና ሽፍን ጫማ ሻንጣ ውስጥ ይኑር።

ናና የሚባለውን ስም ስታዩ ተጠንቀቁ፣ ሁለት ናና አለ፣ አንዱ ሱኩምቪት የሚባለው ረጅም ዋና ጎዳና ላይ ነው፣ ሌላው ቻይና ታውን ውስጥ ያለች ትናንሽ ባሮች የበዙባት ቆንጆ መንገድ ናት፣ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። የሱኩምቪቱ ናና ጋ ሶይ 3 (ሶይ ማለት ከዋናው ጎዳና የሚገባ መንገድ ነው) አካባቢ የዓረብ ሰፈር አለ፣ እስከ ሌሊት ድረስ ሩዝና ስጋ ታገኛላችሁ፣ ለእኛ ምላስ ይቀርባል። ግን የጎጎ ባሮቹም እዛው አጠገብ ናቸው፣ ከቤተሰብ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ቦታ ያዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ የወሲብ ንግድ በአደባባይ ስለሚታይ የተፈቀደ እንዳይመስላችሁ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ህግ ይከለክለዋል፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋ ደሞ ቀጥታ እስር ቤት ነው፣ ፓትፖንግ (ሲሎም አካባቢ ያለው የጎጎ ባሮች ሰፈር) ላይ "ፎቅ ላይ ሾው አለ ነጻ ነው" የሚሏችሁም ሂሳቡ ሲመጣ ነው ጉዱ። እኔ የምጽፈው ለሙዚቃና ለጭፈራ ለሚሄድ ነው።

ክፍል ስትይዙ አጎዳም ቡኪንግ ዶት ኮምም ላይ አወዳድሩ፣ አጎዳ እስያ ላይ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን መጀመሪያ የሚያሳየው ዋጋ ታክስና ሰርቪስ ያልተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻውን ገጽ እዩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊት ብቻ ከፍላችሁ ያዙ፣ የቀረውን በነጻ መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ላይስማማችሁ ይችላል። አስተያየት ስታነቡ "ኖይዝ" የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ እናንተ ጠዋት ነው የምትተኙት፣ አጠገቡ ግንባታ ካለ አለቀላችሁ፣ እኔ አንዴ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድሪል ቀስቅሶኝ ሆቴሉም ብሬን አልመልስም ብሎኝ ያውቃል። መውጫ ሰዓት ባብዛኛው ቀን 6 ሰዓት ስለሆነ በመጨረሻው ቀን እስከ አመሻሽ ለመቆየት ስንት እንደሚያስከፍሉ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በረራችሁ እኩለ ሌሊት ከሆነ ወይ ይሄን ትከፍላላችሁ ወይ አንድ ሌሊት ትጨምራላችሁ፣ እኔ እጨምራለሁ። ስትገቡ 1,000 ወይም 2,000 ባህት መያዣ ይጠይቃሉ፣ በካሽ ይቀበላሉ፣ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ዓመቱ 2568 ምናምን ተብሎ ብታዩትም አትደንግጡ፣ እነሱ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ፣ እኛ ወደ ኋላ እነሱ ወደ ፊት። እንግዳ ክፍል ማስገባት ደሞ ህግ አለው፣ ሎቢው ላይ መታወቂያ ይያዛል፣ አንዳንዱ ሆቴል ተጨማሪ ያስከፍላል፣ መታወቂያ ማስያዙ ለናንተም ደህንነት ስለሆነ አትቆጡ።

ቀን ስትመርጡ ከህዳር እስከ የካቲት ድረስ አየሩ ደህና ነው፣ ዋጋው ግን ይወጣል። ሶንክራን የሚባለው የውሃ መራጨት በዓል ከአፕሪል 13 እስከ 15 ነው፣ በኛ ከሚያዝያ 5 እስከ 7፣ ጾሙ ወይ ፋሲካው ላይ ሊወድቅባችሁ ስለሚችል አስቡበት፣ ሆቴል ከወራት በፊት ነው የሚያዘው። የቡድሂስት በዓላትንም ቀን እዩ፣ እንደ ማካ ቡቻና ቪሳካ ቡቻ ያሉት ላይ ሱቅ መጠጥ አይሸጥም፣ ብዙ ባርም ይዘጋል፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሆቴሎችና ፈቃድ ያላቸው መዝናኛ ቤቶች ተፈቅዶላቸዋል እንጂ ከተማው ያን ቀን ጸጥ ነው የሚለው። የምርጫ ቀንም እንደዛው ነው።

ደሴት ልጨምር ካላችሁ ኮ ፓንጋን ላይ ያለው የሙሉ ጨረቃ ፓርቲ ሃድ ሪን ባህር ዳርቻ ነው፣ ደሴቷ ኤርፖርት የላትም፣ ወይ ኮ ሳሙይ ትበራላችሁ ወይ ሱራት ታኒ፣ ከዛ በጀልባ ነው። ጨረቃዋ የቡድሃ በዓል ላይ ከዋለች ፓርቲው ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፣ ስለዚ ካላንደር ላይ ጨረቃ አይታችሁ ብቻ ቲኬት አትቁረጡ። እና ርካሾቹ የአገር ውስጥ በረራዎች እንደ ኤር ኤዥያ ያሉት፣ ብዙዎቹ የሚነሱት ዶን ሙዓንግ ከሚባለው ሌላው ኤርፖርት ነው፣ እናንተ ያረፋችሁት ሱዋናፑም ነው፣ ሁለቱ በከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው። በመሃላቸው ቢያንስ 5 ሰዓት ተዉ። ሻንጣም እዩ፣ ከቦሌ 23 ኪሎ ሁለት ይዛችሁ መጥታችሁ እነሱ ጋ በእጅ 7 ኪሎ ብቻ ነው የሚባለው፣ ቀሪውን በኦንላይን ቀድማችሁ ካልገዛችሁ ኤርፖርት ላይ ያራቁታችኋል።

ከኤርፖርት ወደ ከተማ ባቡሩ 45 ባህት ነው ቢበዛ፣ ማካሳን ላይ ወርዳችሁ ለአሶክ በምድር ውስጡ ትቀጥላላችሁ። ታክሲ ከሆነ በሜትር ብላችሁ ግቡ፣ በላዩ 50 ባህት የኤርፖርትና የፈጣን መንገዱ ክፍያ አለው። ሌሊት ከክለብ ስትወጡ በር ላይ የቆመው ታክሲ ሜትር አልከፍትም ይላል፣ ግራብ ወይ ቦልት ስልካችሁ ላይ ይኑር፣ አፑን ከአዲስ አበባ ሳትወጡ አውርዱና ቁጥራችሁን አረጋግጡ፣ እዛ ሲም ከቀየራችሁ በኋላ የማረጋገጫ ኮድ አይመጣላችሁም።

ዶላር ስትይዙ መቶ መቶ ያላቸውን ንጹህ ኖቶች ያዙ፣ ለትልልቁ ኖት የተሻለ ይመነዝራሉ፣ ሱፐርሪች የሚባሉት ቤቶች ከኤርፖርቱ ባንኮች ይሻላሉ። ለክለብ ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ የመጠጥ ዕድሜ 20 ነው፣ 35 ዓመት ሆኖህም ይጠይቁሃል። ሻንጣ ውስጥ ቬፕ አይግባ፣ ሺሻም እዛ ክልክል ነው፣ ጫትማ በፍጹም! ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከሱቅ ቢራ አይሸጥላችሁም፣ ከህዳር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደሞ በተከለከለ ሰዓትና ቦታ ሲጠጣ የተገኘው ሰው ራሱም እስከ 10,000 ባህት ሊቀጣ ይችላል፣ ስለዚ ባሩ ዘጋን ካለ ብርጭቋችሁን አስቀምጣችሁ ውጡ። ችግር ካጋጠማችሁ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፣ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ከሆቴሉ ስምና አድራሻ ጋ፣ አድራሻውን ግን በታይ ፊደል የተጻፈውን ካርድ ከሎቢው ወስዳችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሹፌሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ላያነብ ይችላል፣ እናንተም በዛ ሰዓት የምታነቡ አይመስለኝም።