የሞተሬ የእግር ፍሪሲዮን ሐረጎ ላይ ሲንሸራተት

የሞተር ሳይክሌን ማርሽ ከእግር ወደ እጅ፣ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን) ከእጅ ወደ እግር ካዞርኩላት በኋላ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ አንደኛ ነበረች። ሐረጎ ዳገት ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይጎትትም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል ብዬ አዲስ ልገዛ ነበር። ደግነቱ ቆሜ የፍሪሲዮኑን ገመድ በጣቴ ነካሁት። እንደ ክራር ክር ተወጥሯል! ለካ የበየድኩት ፔዳል ከባድ ነው፤ ሳልረግጠው በገዛ ክብደቱ ገመዱን ይስባል፣ ፍሪሲዮኑም በደንብ አይዝም። ፔዳሉን ወደ ላይ የሚመልስ ሞላ አሰርኩለት። ገመዱንም 2 ሚሊ ሜትር ያህል አላላሁት። ከዚያ ደሴ ድረስ አንዴም አልተንሸራተተም።

ዳገት ላይ ስትቆሙ ግን ግራ እግራችሁ ፍሪሲዮን ላይ ነው፣ ቀኙ መሬት ይረግጣል። የኋላ ፍሬን የሚይዝ እግር የለም። የፊት ፍሬናችሁ ደካማ ከሆነ ይህን ለውጥ ባትጀምሩት ይሻላል።