ዜሮው የት ነው? የቱርቦ ጌጅ ስናነብና አሃድ ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ስልኩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ፣ «የማኒፎልድ ግፊት 100 ኪሎ ፓስካል ይላል፤ ቱርቦ ቆሞም ይነፋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል ነው፤ ማኒፎልድ ደግሞ አየሩ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ። ዳሽቦርዱ ላይ ያስገጠመው ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ግን ዜሮ ላይ ተኝቷል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የተለያዩት መቁጠር የጀመሩበት ቦታ ነው። ከአንዱ የግፊት አሃድ ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ባርን ወደ ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ማባዛት ለማንም አይከብድም፣ ማስሊያው ኪሳችን ውስጥ አለ። የምንሳሳተው ዜሮው የት እንደሆነ ሳንጠይቅ ማባዛት ስለምንጀምር ነው።

ፍጹም ግፊትን ቡስት ነው ብሎ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቡስት የምንለው ቱርቦው ከዙሪያው አየር በላይ የጨመረውን ግፊት ነው። በዙሪያችን ያለው አየር ራሱ ይጫናል፤ በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም 1.013 ባር ወይም 14.7 ፒኤስአይ። ፍጹም ግፊት የሚባለው ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ቦታ ጀምሮ ስለሚቆጥር ይህንንም ይደምራል። የጌጅ ግፊት በዙሪያው ያለውን አየር ዜሮ ብሎ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ይናገራል። የጎማ መለኪያን አስቡት፦ የተነፈሰ ጎማ ውስጥ አየር አለ፣ መለኪያው ግን ዜሮ ነው የሚለው።

የዳሽቦርድ ቡስት ጌጅ እንደ ጎማ መለኪያው ነው። የማኒፎልዱ ሴንሰርና የመኪናው ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት በፍጹም ግፊት ነው። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ላይ 200 ኪሎ ፓስካል ያየ ሰው ቀጥታ ሲቀይረው 29 ፒኤስአይ ያገኝና ሞተሩ ሊፈነዳ ነው ብሎ ይደነግጣል። ትክክለኛው ስሌት 200 ሲቀነስ 101፣ 99 ኪሎ ፓስካል ነው፤ 14.4 ፒኤስአይ ያህል። ስንቀንስ ታዲያ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ አሃድ ይሁኑ፤ ከፒኤስአይ ላይ «አንድ ባር ነው» ብሎ 1 የሚቀንስ ሰው አይጠፋም።

ይሄው ስህተት ሴንሰር ሲገዛም ዋጋ ያስከፍላል። «3 ባር» የተባለ የማኒፎልድ ሴንሰር 3 ባር ፍጹም ግፊት ነው የሚለካው፤ በባሕር ጠለል ላይ 2 ባር ገደማ ቡስት ድረስ ያያል ማለት ነው። 1.5 ባር ቡስት የፈለገ ሰው «2 ባር ይበቃኛል» ብሎ ቢገዛ፣ ሴንሰሩ 1 ባር ቡስት ላይ ሲደርስ አበቃ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚነዳው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

በስካነር የምታነቡም አንድ ነገር ልብ በሉ። በመደበኛው የምርመራ ፕሮቶኮል የተለመደው የማኒፎልድ ግፊት ንባብ በአንድ ባይት ብቻ ስለሚላክ ከ255 ኪሎ ፓስካል በላይ መናገር አይችልም። በባሕር ጠለል ያ ወደ 22 ፒኤስአይ ቡስት ነው። ቁጥሩ እዚያ ደርሶ ድርቅ ካለ፣ ቱርቦውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ንባቡን ጠርጥሩ።

የትም ቦታ 101 መቀነስ

ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ስካነሩ 180 ኪሎ ፓስካል ካሳየ ባሕር ጠለል ላይ ቡስቱ 0.79 ባር ነው፤ 2,000 ሜትር ላይ ግን ሙሉ 1 ባር። ሞተሩ የሚያገኘው ግፊት ያው 180 ነው፤ የቱርቦው ሥራ ግን እኩል አይደለም። ታች ያለው አየሩን 1.78 ጊዜ ሲያጭቅ፣ ላይ ያለው 2.25 ጊዜ ያጭቃል፤ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ የሚያወጣው አየርም ይበልጥ ይሞቃል። «ሁልጊዜ ያው 1 ባር ነው የምነዳው» የሚል ሰው የትኛው ከፍታ ላይ እንደሆነ ካልነገረን ብዙም አልነገረን።

አንዳንድ ዲጂታል ጌጆች ደግሞ ውስጣቸው ፍጹም ሴንሰር ይዘው ከንባቡ ላይ የባሕር ጠለሉን ቁጥር ብቻ ይቀንሳሉ። እነዚህ ከፍታ ቦታ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከዜሮ በታች 0.2 ባር ያህል ያሳያሉ። ተበላሽተው አይደለም። ግን 1.0 ባር ሲሉ እውነተኛው ቡስት 1.2 እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ምን እንደሚያሳይ እዩ። ዜሮ ካለ የአካባቢውን አየር ነው መነሻው ያደረገው፤ 80 ወይም 100 ኪሎ ፓስካል ካለ ፍጹም ነው፤ ከዜሮ በታች ካለ የሰው አገር ዜሮ ተሸክሞ ነው የመጣው።

የመርፌውን ግራና ቀኝ በአንድ አሃድ ማንበብ

ብዙ ጌጆች ከዜሮ በስተቀኝ ቡስቱን በፒኤስአይ፣ በስተግራ ቫኪዩሙን (ግፊቱ ከዙሪያው አየር ምን ያህል እንደወረደ) በሜርኩሪ ኢንች ይጽፋሉ። አንድ መርፌ፣ ሁለት ቋንቋ። ሜርኩሪው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1643 ከተሠራው የቶሪቼሊ ባሮሜትር ነው፤ ግፊት የሚለካው የሜርኩሪን ዓምድ ስንት ከፍታ ድረስ እንደሚሸከም ታይቶ ነበር። አንድ የሜርኩሪ ኢንች ግማሽ ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ስለዚህ በግራ በኩል ያለው 20 ማለት ከዜሮ በታች 10 ፒኤስአይ ገደማ እንጂ 20 አይደለም። ከዜሮ በታች 20 ፒኤስአይ የሚባል ነገር እንዲያውም የለም፤ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢመጠጥ እንኳ መውረድ የሚቻለው 14.7 ድረስ ነው፣ በሜርኩሪ 29.9 ኢንች።

ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ባሕር ጠለል አካባቢ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከ18 እስከ 22 ኢንች ቫኪዩም ይይዛል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግን 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ከፍታ ላይ 14 አይቶ ቫልቭ ተቃጥሏል ብሎ ሞተር የሚያስፈታ ሰው እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ አየሩን በስሮትል (በአየር መግቢያው በር) ስለማያንቅ፣ በሚኒሞ መርፌው ዜሮ አካባቢ ቢቀመጥ አይግረማችሁ።

ባርን፣ አትሞስፌርንና ኪሎግራምን አንድ ማድረግ

1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል፣ 14.50 ፒኤስአይ ነው። 1 አትሞስፌር 14.70 ነው። በቆዩ የጃፓን ጌጆች ላይ የሚታየው ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ደግሞ 14.22 ነው። ለዓይን ንባብ ልዩነቱ ከመርፌው ውፍረት አይበልጥም፤ እዚህ ላይ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ብዙም አይገቡኝም። ቡስት መቆጣጠሪያ ስታስተካክሉ ግን አሃዱን አስተውሉ፦ 1.5 ባር 21.8 ፒኤስአይ ነው፣ 1.5 ኪሎግራም 21.3። «በ15 ብቻ አባዛው» ያለ ሰው 22.5 ያደርሰዋል፤ በሞተሩ አቅም ዳር ላይ ለሚሠራ ሰው ያ ብዙ ነው።

«×100» የሚለውን ጽሑፍ መዝለል

ጌጁ ፊት ላይ በትንሹ «×100 ኪሎ ፓስካል» ተጽፎ መርፌው 0.8 ላይ ከቆመ፣ 80 ኪሎ ፓስካል ነው፤ 0.8 ባር ማለት ነው። ሚሊባርና ሄክቶ ፓስካልም አንድ ናቸው። ስካነር 2,150 ሚሊባር ካለ 2.15 ባር ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ፍጹም ነውና መቀነሱን አትርሱ።

አሃዱንም ዜሮውንም ሳይናገሩ ቁጥር መለዋወጥ

«የኔ 1.8 ይነፋል» ይላል አንዱ፤ ሌላው ሰምቶ የራሱን ያስተካክላል። ተናጋሪው የጌጅ ባር ማለቱ ከሆነ 26.1 ፒኤስአይ ነው። በኪሎግራም ከሆነ 25.6። ከስካነር ያነበበው ፍጹም ባር ከሆነ ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ 11.4 ብቻ ነው፤ የሰማው ሰው ግን 26 ላይ አድርጎት ሄዷል።