የብጉር ጠባሳን በሌዘር ለማሳከም፦ ከመክፈልዎ በፊት መስኮት አጠገብ ይቁሙ

ጠዋት ላይ መስታወት ይዘው መስኮት አጠገብ ይቁሙ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከጣሪያ የሚወርድ አምፖል ጉድጓዱን ያጋንነዋል። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ጉንጭዎን ይዳስሱ። መስታወቱ ላይ ጥቁር ሆኖ የታየው ቦታ ለጣት ልሙጥ ከሆነ ጠባሳ አይደለም፤ ብጉሩ ጥሎት የሄደ ጥቁረት ነው። እሱ በሰንስክሪንና ሐኪም ባዘዘው ቅባት በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ቆዳ የሚበሳ ሌዘር አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ለጠባሳ ብለው ወደ ሌዘር ከሚሮጡት መካከል ይኸው ጥቁረት ብቻ ያለባቸው አሉ።

ጣትዎ ጎድጎድ ካለ ቦታ ከገባ ቆዳውን ግራና ቀኝ ወጠር ያድርጉት። ሲወጠር የሚጠፋ፣ ሲለቀቅ የሚመለስ ሰፊ ጎድጓዳ ከሥሩ እንደ ክር ባለ ጠባሳ ወደ ታች ተስቦ የተያዘ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ቆዳው ሥር መርፌ አስገብቶ ክሩን ይቆርጠዋል፤ ሰብሲዥን የሚባለው ይህ ነው። ክሩ ሳይቆረጥ ላዩን ብቻ በሌዘር ቢመቱት ለውጡ ትንሽ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ የጉድፍ ጠባሳ የሚመስለው ደግሞ ጥልቅ እስካልሆነ ድረስ ሌዘር የሚወደው ዓይነት ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስለው ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ለሌዘር ይርቃል። ለእሱ በቀጭን እንጨት ጫፍ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጠንካራ ቲ ሲ ኤ አሲድ ማስነካት ወይም ቀዳዳውን ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። ይህ የሐኪም እጅ እንጂ የቤት ሥራ አይደለም። አብዛኛው ፊት ሦስቱንም ቀላቅሎ ስለሚይዝ፣ «ሌዘር ብቻ ይበቃዎታል» የሚል ሰው ፊትዎን በደንብ ዳስሶ እንደሆነ ይጠይቁት።

አበጥ ብሎ የሚጠነክር ጠባሳ ካለብዎት፣ ወይም ጆሮዎን ሲበሱ ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) ወጥቶብዎት ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይያዝ በፊት ይናገሩ።

አሁን ስለ መሣሪያው። ለጠባሳ የሚያገለግለው ፍራክሽናል ሌዘር ነው፤ ፊቱን በሙሉ አይልጥም። በሺዎች የሚቆጠሩ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይሠራል፣ በመካከላቸው ያልተነካ ቆዳ ይተዋል፣ ያ ያልተነካው ነው ቁስሉን ቶሎ የሚዘጋው። በ10,600 ናኖሜትር የሚሠራው የካርቦንዳይኦክሳይድ ሌዘርና በ2,940 የሚሠራው ኤርቢየም ያግ ቆዳውን ከላይ ይከፍታሉ። በ1,550 የሚሠራው ኤርቢየም ግላስ ላዩን ሳይከፍት ከሥር ያሞቃል፤ ውጤቱ ዝግ ያለ ነው፣ ለእኛ ቆዳ ግን ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ለምን «ለእኛ ቆዳ» እንላለን? ሐኪሞች የቆዳ ቀለምን ከ1 እስከ 6 ይመድባሉ፤ እዚህ አገር «ቀይ» የምንለው ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ 4 ላይ ይወድቃል፣ ጠይሙና ጥቁሩ 5 እና 6 ላይ። ቀለም የሚያመርቱት ሴሎች ሙቀትና ቁስል ሲያገኛቸው ከልክ በላይ ያመርታሉ፤ ፊት የሚጠቁረው በዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮችን ለይተው ይወቁ። ጉልበቱ ቀዳዳው ምን ያህል ጥልቅ እንደሚሆን ይወስናል፣ ጥግግቱ ደግሞ ከቆዳዎ ስንት በመቶው እንደሚበሳ። ጠቆር ያለ ፊት ላይ ከሁሉ በላይ ዝቅ መደረግ ያለበት ጥግግቱ ነው፦ በ5 በመቶ አካባቢ ጀምሮ፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሳይመላለሱ፣ የክፍለ ጊዜውን ብዛት መጨመር። «በአንድ ቀን እንጨርስልዎታለን» የሚል ቦታ ካጋጠመዎት ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ።

ከቦሌ እስከ ፒያሳ «ሌዘር» የሚል ማስታወቂያ በየሕንፃው ተለጥፏል፤ ብዙው ግን ፀጉር ማንሻ ነው። የፀጉር ዳዮድ ሌዘር የጠባሳ ጉድጓድ አይሞላም። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ ዋጋውን ሳይሆን መጀመሪያ የመሣሪያውን ዓይነትና የሞገድ ርዝመቱን ይጠይቁ፤ መመለስ ካልቻሉ መልሱን አግኝተዋል። መሣሪያውን የሚይዘው የቆዳና አባላዘር ስፔሻሊስት መሆኑን፣ የሙያ ፈቃዱም ግድግዳው ላይ መኖሩን ይዩ። መጀመሪያ ምክር ብቻ ለማግኘት ጥቁር አንበሳ ወይም ዘነበወርቅ ያለው አለርት የቆዳ ክፍል ሄዶ ጠባሳውን ማስለየት ወረፋው ቢያንገላታም ያዋጣል። ከዚያ ከጆሮ ፊት አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ የሙከራ ምት ያስመቱና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠብቁ። ጥቁረቱ የሚመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት ስለሆነ በማግሥቱ «ምንም አልሆነም» ማለት ዋጋ የለውም።

ጊዜውንም ይምረጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ይመረጣል፣ ደመናው ጨረሩን ሁሉ ባይከለክልም። በታኅሣሥ ተመትቶ ጥር 11 ጃንሜዳ ሙሉ ቀን መቆም ግን ጥቁረትን በገንዘብ መግዛት ነው።

ከቀጠሮው አንድ ወር በፊት አዲስ ብጉር መውጣቱ መቆም አለበት፤ እየወጣ ያለ ብጉር ላይ ጠባሳ ማከም ባልዲው እየፈሰሰ ውሃ መቅዳት ነው። አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን የብጉር ክኒን የሚወስዱ ወይም በቅርብ ያቆሙ ከሆነ ይናገሩ። ከየሱቁ የሚሸጠውን «ቅልቅል» ማንጪያ ክሬም ያቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት፣ ቆዳን ያሳሳል። በድንገት ሲያቆሙት ፊት ሊቆጣ ስለሚችል አወራረዱን ሐኪሙ ይንገርዎት። ለብጉር የሚታዘዘው የሬቲኖይድ ቅባት ከሳምንት በፊት ይቁም። ከንፈርዎ ላይ ምች የሚወጣብዎት ከሆነ ይህን በፍጹም አይደብቁ፤ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ ሌዘሩ ቀስቅሶ ፊት ሁሉ ሊያዳርሰው ይችላል። ዳማከሴ እዚህ አይበቃም፤ ሐኪሙ ከዋዜማው ጀምሮ አሲክሎቪር ወይም ቫላሲክሎቪር ያዝዛል።

የቀጠሮው ቀን ያለ ሜካፕና ያለ ቅባት ይሂዱ። የማደንዘዣው ክሬም ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ቤት ውስጥ ተጨማሪ አይቀቡ፤ መጠኑ ሲበዛ ወደ ደም ይገባል፣ ከንፈር መደንዘዝ ወይም የጆሮ ጩኸት ከተሰማዎት ወዲያው ይናገሩ። ክሬሙ ሙሉ በሙሉ ይጠረግ፤ በአልኮል ከተጠረገ ደግሞ ሌዘሩ ከመነሣቱ በፊት ይድረቅ፣ አልኮል ይነዳል። ዓይንዎ ሳይሸፈን እንዳይጀምሩ። ስሜቱ ከጋለ መጥበሻ ዘይት ሲፈናጠር ይመስላል፤ ፊት ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ቀጣዮቹ 7 ቀናት ከሌዘሩ እኩል ይመዝናሉ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በኖርማል ሳላይን ፋሻ ነክረው በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ለ10 ደቂቃ ፊትዎ ላይ ያኑሩ፣ ከዚያ ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ቁስሉ መድረቅ የለበትም፤ የደረቀ ቅርፊት ሲሰነጠቅ አዲስ ጠባሳ ሊተው ይችላል። በ3ኛው ቀን አካባቢ የቡና አተላ የተረጨበት የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል፤ ይህ ትክክለኛው ነው። በጥፍር አይንኩት፣ በራሱ ይረግፋል። ቅቤ፣ ሎሚ፣ ማር፣ ከግቢ የተቆረጠ ሬት፣ ምንም አይቀቡበት። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ቆዳው እስኪዘጋ ይቆዩ። ምጣድ ፊት ቆመው እንጀራ አይጋግሩ፣ ቡናም ሌላ ሰው ይቁላ፤ ሙቀት ራሱ ያጠቁራል።

ቆዳው ሲዘጋ ሰንስክሪን ይጀምራል፦ ኤስ ፒ ኤፍ 50፣ ቢቻል የብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለማም፣ ምክንያቱም ጠቆር ያለ ቆዳን የሚታየው ብርሃንም ያጠቁረዋል። መጠኑ በሁለት ጣት ርዝመት የተጨመቀ ነው፣ ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ነጠላ መከናነብ አይበቃም፤ ሳሳ ያለ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ጃንጥላ ይያዙ።

ሕመሙ ከ3ኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ከታየ፣ ወይም ተጠጋግተው የሚያቃጥሉ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነጥቦች ከወጡ በዚያው ቀን ይመለሱ። በ4ኛው ሳምንት ከጠቆረ አይደንግጡ፣ ወደ ቅልቅሉ ክሬምም አይሩጡ፤ ሐኪሙ ሃይድሮኪኖን ወይም አዜላይክ አሲድ ሊያዝልዎት ይችላል፣ ቀጣዩ ምት ግን እስኪደበዝዝ ይቆይ። አንድ ቦታ ቀይና ጠንካራ ሆኖ ከፍ እያለ ከመጣ ኬሎይድ እየጀመረ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቁ።

ከ3 እስከ 5 ክፍለ ጊዜ ያስቡ፤ በኤርቢየም ግላስ ቢያንስ ወር እየቆዩ፣ ቆዳ በሚከፍተው 2 ወር እየቆዩ። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግማሹ ከተሞላ ጥሩ ውጤት ነው። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ያው መስኮት አጠገብ፣ ያው ሰዓት ላይ፣ ያለ ፊልተር በስልክዎ ፎቶ ይነሡ። ጉድጓዱን ከሥር የሚሞላው ኮላጅን የሚባለው የቆዳ ፕሮቲን ለወራት መሠራቱን ስለሚቀጥል የመጨረሻውን ፎቶ ከመጨረሻው ምት 6 ወር በኋላ አንሥተው ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ።