አዲስ የመጡ ጫጩቶች በሻጋታ ሲታመሙ፣ ምንጩን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከቢሾፍቱ ድሬዳዋ ድረስ ተጭነው የመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶች በገቡ በቀናት ውስጥ መሞት ሲጀምሩ፣ ገዢው “ከማስፈልፈያው ነው” ይላል፤ ሻጩም “ቤትህን እይ” ይላል። እውነቱን የሚለየው ማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ የመጡበትን ካርቶንና በውስጡ የነበረውን ጉዝጓዝ አትጣሉ።

መጀመሪያ ሙቀት አለመሆኑን አረጋግጡ። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ጤነኛ ጫጩትም ያለከልካል። ሙቀት ከሆነ ሁሉም ከአምፖሉ ይሸሻሉ፤ ሲቀዘቅዝም ያቆማሉ። አስፐርጂሎሲስ የተባለው የሻጋታ በሽታ የያዘው ግን በቀዝቃዛው ሌሊትም አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን መዝዞ አየር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሲተነፍስ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ቀጥሎ ቀን ቁጠሩ። የተፈለፈሉበትን፣ የገቡበትንና የመጀመሪያው የሞተበትን ቀን ጻፉ። ገና 1 ወይም 2 ቀን በሆነው ጫጩት ሳንባ ላይ የበሽታው እብጠት ከተገኘ፣ ነገሩ የጀመረው ማስፈልፈያው ውስጥ ነው። ሻጋታው 37 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይመቸዋል፤ በተሰነጠቀ ወይም በቆሸሸ እንቁላል ገብቶ ማሽኑን ሊበክል ይችላል። ሕመሙ ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው ቀን በኋላ ከጀመረ ግን ቤታችሁም ይጠረጠራል።

በሽታው ከጫጩት ወደ ጫጩት አይተላለፍም። ብዙዎቹ አንድ ላይ ከታመሙ፣ ሁሉም የተነፈሱት አንድ ብናኝ አለ ማለት ነው። ከዚያው ዙር ለወሰዱ አርቢዎች ደውሉ። ሐረር ያለውም ጅግጅጋ ያለውም እየሞተበት ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ማስፈልፈያው ወይም ወደ ጭነቱ ያጋድላል።

ቤታችሁን ስትፈትሹ ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ የሰውንም ሳንባ ይጎዳል። ከውሃ መጠጫው ሥር ጀምሩ። ከላይ ደረቅ የሚመስለውን ሰጋቱራ በእጃችሁ ግለጡት፤ ሥሩ ተጣብቆ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ዱቄት ለብሶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሽታውም ያስታውቃል። ከዚያ ወለል የነካውን የመኖ ጆንያ ሥር እዩ። የለውዝ ፋጉሎ የምትቀላቅሉ ከሆነ የሚያሰጋው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱ በዋናነት ጉበት ነው የሚጎዳው።

በመጨረሻ ላቦራቶሪ። አሁን የሞቱ ጫጩቶችን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በበረዶ ያዙ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አትክተቱ። ጉዝጓዝና መኖ በየወረቀት ከረጢቱ ይሁን፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ሻጋታውን መንገድ ላይ ያበዛዋል። ከየት እንደተወሰደ በየከረጢቱ ላይ ጻፉ። ከሐረርም ከድሬዳዋም ቅርብ የሆነው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ እዚያ ጠይቁ። ሳንባ ላይ ዳጉሳ የሚያህሉ ቢጫ እብጠቶች ብታዩም በዓይን ብቻ አትወስኑ፤ ፑሎረም የተባለው የባክቴሪያ በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ሻጋታ ደግሞ የትም አለ። ሻጩን መጠየቅ የምትችሉት ከሳንባውና ከካርቶኑ ያው ሻጋታ በብዛት ሲወጣና የቤታችሁ ጉዝጓዝ ንጹሕ ሲሆን ነው።

ናሙናውን ከወሰዳችሁ በኋላ ውጤት ሳትጠብቁ ጉዝጓዙን በሙሉ በደረቅ ቀይሩ። ለታመሙት የሚያዋጣ መድኃኒት የለም፤ የሚተርፉት ገና ያልታመሙት ናቸው።